እንጀራው መብራት ሥር ደረቀብን፤ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ሐዋሳ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ተከታታይ ድራማ እየሠራን ነው። አንድ ቤተሰብ ገበታ ቀርቦለት የሚጨቃጨቅበት ረጅም ሲን አለን። ዶሮ ወጥ፣ ክትፎ እና የተጠበሰ ዓሣ አለበት። ባለፈው ስንሞክር እንጀራው ወዲያው ደረቀ፣ ወጡ ቆዳ አወጣ፣ ዝንቡም አላስቀርጽ አለን። ሁለቱ ተዋናዮች ጾመኞች ናቸው፣ አንዷ ደግሞ ሙስሊም ናት። ቀረጻው ሁለት ቀን ይፈጃል። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንጀምራለን። እዚህ በሚገኝ ዕቃ እውነተኛ የሚመስል ምግብ መሥራት ይቻላል? ብራችን ትንሽ ነው።

መልስ፦ ይቻላል። ግን ሁሉንም ነገር የውሸት ለማድረግ አስበህ ከሆነ ተወው። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። መሶቡን ሙሉ በሲሊኮን ሊሠራ ይነሳና ብሩ ግማሽ እንጀራ ላይ ያልቅበታል።

እኔ ስክሪፕት ሲሰጠኝ መጀመሪያ ምግቡን ለሦስት እከፍለዋለሁ። የአፍ፣ የእጅ፣ የዓይን። ተዋናዩ የሚጎርሰው የአፍ ነው። እሱ ሁልጊዜ የሚበላ ምግብ ነው፤ ድርድር የለውም። የሚነካው፣ የሚገፋው፣ የሚያነሳው ግን አፉ የማይገባው የእጅ ነው። ይሄኛው መተጣጠፍ አለበት፣ ክብደቱም እውነተኛውን መምሰል አለበት። ካሜራው ብቻ የሚያየው ደግሞ የዓይን ነው። እሱን ከጀሶም ከሻማም ከስፖንጅም ልትሠራው ትችላለህ። ከዳይሬክተሩ ጋር ተቀመጥና ማን ምን እንደሚጎርስ ስክሪፕቱ ላይ አስምርበት። ባንተ ሲን ውስጥ የሚጎረሰው ከገበታው ሩብ አይሞላም ብዬ እገምታለሁ። ሰው ሲጨቃጨቅ ብዙ አይበላም።

አሁን ወደ እንጀራው። ከሁሉም የሚያስቸግረው እሱ ነው፤ ተመልካችህ በሙሉ ያውቀዋላ። የውሸት በርገር ብትሠራ ማንም ልብ ላይል ይችላል። ዓይን የሌለውን እንጀራ ግን የአምስት ዓመት ልጅም ይስቅበታል።

ከርካሹ እንጀምር። ከወጡ ሥር የሚውለውና ማንም የማይነካው እንጀራ እውነተኛ ይሁን፤ ግን የደረቀ። ዝም ብለህ ስታደርቀው ጠርዙ ይቀለበሳል። ስለዚህ በሁለት የሽቦ ወንፊት መሃል አድርገህ፣ ከላይ ክብደት ጭነህ ነፋስ ያለበት ቦታ አቆየው። ሲደርቅ ማት ቫርኒሽ በስሱ ቀባው። የሚያብረቀርቀውን ቫርኒሽ ከገዛህ ግን የላስቲክ ጠረጴዛ ልብስ ይመስልብሃል። እንዲህ የተሠራ እንጀራ ለወራት ይቆያል፣ አይጥ ካላገኘው። እኔ አንዴ አግኝታብኝ ታውቃለች፤ ቫርኒሹም አላገዳት።

በእጅ ለሚነካው፣ ለሚታጠፈውና ለሚጠቀለለው ከሁለት ቆርቆሮ ተቀላቅሎ እንደ ላስቲክ የሚጠነክረው ፈሳሽ ሲሊኮን ያስፈልግሃል። ትናንት የተጋገረ፣ በደንብ የበረደ እንጀራ ውሰድ። ዓይኑን ወደ ላይ አድርገህ መስታወት ላይ አንጥፈው። የፀጉር ስፕሬይ ሦስት አራት ጊዜ በስሱ ንፋበትና ይድረቅ፤ አለዚያ እንጀራው ሲሊኮኑን ይመጠዋል። ዙሪያውን በጣውላ እጠረው። ሲሊኮኑን መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ እየነካካህ ዓይኖቹ ውስጥ አስገባ። በአንድ ጊዜ ካፈሰስከው አየር ይታፈንና የዓይኑ ግማሽ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ 8 ሚሊሜትር ያህል እስኪወፍር አፍስስ። ሲጠነክር ገልብጠው። እንጀራው ይቆራረጣል፤ አትዘንለት። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ በጥርስ ብሩሽ አጥራው። ይህ የጠነከረው ሲሊኮን ሞልድህ ነው፤ የውሸቱን እንጀራ የምታፈስበት ቅርጽ ማለት ነው። ሞልዱ ላይ እንደ ብጉር የቆሙ ጥቃቅን ነጥቦች ታያለህ። የነገው እንጀራህ ዓይኖች እነሱ ናቸው።

ሙሉ እንጀራ ለመሥራት አትሞክር። ሒሳቡን ልንገርህ። 50 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው እንጀራ በ3 ሚሊሜትር ውፍረት 600 ሚሊሊትር ገደማ ሲሊኮን ይበላል። ሞልዱ ብቻውን ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ይፈጃል። 25 በ25 ሳንቲሜትር የሆነ ካሬ ሞልድ ግን በግማሽ ሊትር ያልቃል። ከሱ የምታወጣው እያንዳንዱ ቁራጭ 200 ሚሊሊትር እንኳ አይፈልግም። ቁራጮቹን ጠቅልለህ ገበታው ጠርዝ ላይ ስትደረድራቸው ማን ሙሉ አልነበረም ይላል?

ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ሲሊኮን ከሲሊኮን ጋር ይጣበቃል። እንጀራውን ከማፍሰስህ በፊት ሞልዱን በስሱ ቫዝሊን ቀባው፤ አለዚያ ሁለቱ አንድ ሆነው ይቀራሉ። ሁለተኛው የራሴ ጥፋት ነው። ባለ ሁለት ቆርቆሮውን የፕላቲነም ሲሊኮን ሰልፈር ያበላሸዋል። ሰልፈር ደግሞ በላቴክስ ጓንትና በአንዳንድ ፕላስቲን ውስጥ አለ። እኔ ይህን ሳላውቅ በላቴክስ ጓንት ሳሻሸው ዋልኩ፤ ዙሪያውንም በልጆች ፕላስቲን አጠርኩት። በማግስቱ ስመጣ ጠርዙ በሙሉ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል። በሦስተኛውም ቀን ያው። ከአዲስ አበባ በሰው ያስመጣሁት ሲሊኮን ነበር፤ እንዳለ ጣልኩት። የቪኒል ወይም የናይትራይል ጓንት ግዛ፣ አጥሩን በጣውላ ሥራ። ጣውላ ያልኩህም ለዚሁ ነው።

የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ የሚሸጠው፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው የመስታወት ሲሊኮንስ? ለእንጀራ አይሆንም። በጣም ወፍራም ስለሆነ ዓይኑ ውስጥ አይገባም። ለሌላው ግን ባለውለታዬ ነው። ከኮርን ፍላወር ጋር ስታሸው እንደ ሊጥ ይሆናል፤ በቶሎም ይጠነክራል። ስታርቹ የያዘው እርጥበት ነው የሚያጠነክረው። ለእንቁላል ሞልድ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ነገር አላውቅም። መስኮት ከፍተህ ሥራ እንጂ ሽታው ያፍናል።

ቀለሙ ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። ነጭ ጤፍ ነጭ አይደለም። ወደ ግራጫ የሚያደላ ክሬም ነው፤ ዓይኑ ውስጥ ደግሞ ጠቆር ይላል። ሲሊኮኑ ውስጥ ከማፍሰስህ በፊት ትንሽ የዘይት ቀለም አሸበት። ተራ ቀለም ሲሊኮን ላይ አይዝም፤ ተዋናይዋ ስታጥፈው ይላጣል። ዓይኖቹን ለማጥቆር የመስታወቱን ሲሊኮን በነጭ ጋዝ አቅጥነህ ቡናማ የዘይት ቀለም ጨምርበት። ቀባውና ወዲያው በጨርቅ ጥረገው። ከላይ ይጠረጋል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። በመጨረሻ ታልክ ፓውደር ነስነስ አድርግበት። አንጸባራቂነቱ ካልሞተ የፈለገ ቢያምር ላስቲክ ነው።

ጉርሻው እንዴት ይሁን? የውሸቱ ገበታ ላይ ተዋናዩ ከሚቀመጥበት ፊት ለፊት የአንድ መዳፍ ያህል ቦታ ክፍት ተው። እዚያ ውስጥ እውነተኛ ትኩስ እንጀራ ከሚበላ ወጥ ጋር አስቀምጥ፤ ከፍታው ከዙሪያው እኩል ይሁን። እሱ መስኮት ነው። ከእያንዳንዱ ቴክ፣ ማለትም ሲኑ በተደጋገመ ቁጥር ከሚቀረጸው ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ የሚቀየረው እሱ ብቻ ነው። ስድስት ቴክ በሦስት አንግል ከቀረጻችሁ 18 መስኮት ማለት ነው። ቁራጮቹን ቀድመህ ቆርጠህ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለህ አቆይ። ተዋናዩ የት እንደሚቆርስ አስለምደው። ስሜት ውስጥ ገብቶ በሌላ በኩል የሲሊኮኑን ሲጎትት ያየሁት ተዋናይ አለ፤ ገበታው አብሮት ተነሳ። የድምፅ ባለሙያችሁም ይወቅ። ሲሊኮን ሲነካካ ይንጫጫል፤ እንጀራ ሲቆረስ ግን ድምፁ ሌላ ነው።

ወጡን በሦስት ንብርብር አስበው። ከታች ስፖንጅ ወይም ጀሶ ሆዱን ይሞላል። ከሱ በላይ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል የወጡ አካል አለ። የመጨረሻው ቅባቱ ነው። አካሉን ከእንጨት ኮላ፣ ከቀለምና ከተነፋ እውነተኛ በርበሬ ሥራው። ኮላ እርጥብ ሲሆን ነጭ ነው፣ ሲደርቅ ይጠራል። ስለዚህ ስታሸው ሐመር ቢመስልህ ቀለም አትጨምርበት፤ ሲደርቅ ይጠቁራል። ውሃው ሲተን ስለሚሰጥም ሁለት ሦስት ጊዜ እየደረብክ ሥራው። ሽንኩርቱም ይታይ። ስስ ስፖንጅ ደቃቅ አድርገህ ከትፈህ ጨምርበት፤ ያለዚያ ሾርባ ነው። ቅባቱ ሁለት ጠብታ ቀይ ብርቱካንማ ቀለም የገባበት ጥርት ያለ ኤፖክሲ ነው፤ ሲጠነክር እንደ መስታወት የሚሆነው ሙጫ። ይህን ወጡ ላይ በሙሉ አታፍስሰው። በደንብ የተቁላላ ወጥ ቅባቱ ዳር ዳሩን ነው የሚወጣው፤ እናትህ ስታወጣ አስተውል።

እንቁላሉን ከጀሶ ስታወጣው ድፍን ነጭ ይሆናል፤ የእንቁላል ነጩ ግን በትንሹ ብርሃን ያሳልፋል። ነጭ ሻማ አቅልጠህ ሞልዱ ውስጥ ብታፈስ ይሻላል። ሻማውን በቀጥታ እሳት ላይ አትጣደው፤ ሌላ ድስት ውስጥ ውሃ አፍልተህ በላዩ አስቀምጠው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሻማ እንደ ዓይነቱ ከ46 እስከ 68 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ የፈላው ውሃ ይበቃዋል፤ እሳት የሚይዝበት ሙቀት ላይም አይደርስም። እንቁላሉ ሲበርድ ጎን ጎኑን በቢላ ሰንጥቀውና ስንጥቁን በወጥ ቀለም ሙላው። ያልተሰነጠቀ እንቁላል ዶሮ ወጥ ውስጥ ካስገባህ ስለወጡ የምታውቅ ተመልካች ሁሉ ትታዘብሃለች።

ስለ ሻማ ካነሳን፣ ጃፓኖች ይህን ሙያ የጀመሩት በሰም ነው። ምግብ ቤቶቻቸው ደጃፍ ላይ በመስታወት ውስጥ የሚደረደረው የውሸት ምግብ ራሱን የቻለ ኢንዱስትሪ ነው። ጉጆ ሐቺማን ከምትባል ከተማ የወጣ ኢዋሳኪ ታኪዞ የሚባል ሰው በ1932 እ.ኤ.አ. ኦሳካ ላይ የሰም ምግብ መሥሪያ አቋቋመ። የመጀመሪያ ዝነኛ ሥራው ኦምሌት ነበር። ሰም ግን ሙቀት ያለሰልሰዋል፣ ፀሐይም ቀለሙን ያደበዝዘዋል። በኋላ ወደ ፕላስቲክ ዞሩ። ሰላጣ ግን ዛሬም በሰም ሲሠሩ ታያለህ። ለብ ያለ ውሃ ላይ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ የቀለጠ ሰም ያፈስሳሉ። ተንሳፍፎ የረጋውን ስስ ሽፋን ጫፉን ይዘው ወደ ውሃው ውስጥ ሲስቡት ይኮማተርና የሰላጣ ቅጠል ይሆናል። ይህን ሞክረው። ከዓሣው ጎን የሚቀመጠው ሰላጣ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅብህም። የድሮውን ባለ አምፖል መብራት ተከራይታችሁ ከሆነ ግን ሰም አጠገቡ አታስጠጋ። ኤልኢዲ ከሆነ ችግር የለውም።

ወደ ጾመኞቹ እንምጣ። እዚህ ላይ ጥያቄህ ከዕቃ በላይ ነው። ምንም ሳትሠራ በፊት ሦስቱንም ተዋናዮች ለየብቻ አነጋግራቸው። አንዱ ጾመኛ የጾም ምግብ ይሁን እንጂ ክትፎ ቢመስልም ግድ የለኝም ይላል። ሌላው ደግሞ በጾም ክትፎ ሲበላ መታየቱን ራሱን አይፈልገውም። ሁለቱም መብታቸው ነው። የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ነገርም እንደዚያው ነው። የውሸት ሥጋ እዚህ ላይ ትልቅ ግልግል ነው፤ የማንም ያልሆነ ሥጋ ስለሆነ አንድ ገበታ ላይ ሁሉም ይጎርሳል።

የሚበላውን ክትፎ ከደቃቅ ቅንጬ ሥራው። ቱርኮች ጥሬ ሥጋ የሚመስል ምግብ ከቡልጉር ይሠራሉ፤ ሐሳቡ የሱ ነው። ቅንጬውን ቀቅለህ ውሃውን በደንብ አጥፋው። የቲማቲም ድልህና ጥቂት የቀይ ሥር ጭማቂ ጨምረህ እሸው። ቀይ ሥሩን አታብዛው፤ የተዋናዩን ጣትና ጥርስ ሮዝ ያደርጋል። ዘይት በእርድ ሞቅ አድርገህ ከላይ አፍስስ፣ ቅቤው እሱ ነው። ሚጥሚጣው እውነተኛ ይሁን፤ ግን ስድስት ቴክ መኖሩን አትርሳ። ለዶሮው ሥጋ እንጉዳይ ሞክር። በእጅ ሲተለተል እንደ ዶሮ ክር ክር ይላል። የሚበላውን እንቁላል ከድንች ቅረጸው።

ይሄ ለቀለሙም ይጠቅምሃል። እውነተኛ ጥሬ ሥጋ ቀለሙ አይረጋም። አየር ሲያገኘው ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ ሲቆይ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ጠዋት የቀረጽከውን ከሰዓት በኋላ ከቀረጽከው ጋር ስታያይዘው ሁለት የተለያየ ክትፎ ታያለህ። የቅንጬው ግን ጠዋትም ማታም ያው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሰዎች ለወጥና ለመረቅ ጄላቲን ከግሊሰሪን ጋር እንድትጠቀም ይመክሩሃል። በእርግጥም ያምራል፣ ደግመህም ታቀልጠዋለህ። ነገር ግን ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚሠራው፤ ብዙ ጊዜም ከአሳማ። እነዚህ ተዋናዮች አፍ አጠገብ አታድርሰው። ማርጋት ካስፈለገህ ከባሕር ተክል የሚሠራውን አጋር ፈልግ። አጋር ከረጋ በኋላ እስከ 85 ዲግሪ ድረስ አይቀልጥም፣ ስለዚህ መብራቱንም ይችላል።

ዓሣው የሐዋሳ ልጅ የሚኮራበት ክፍል ነው። ጠዋት አሞራ ገደል ወርደህ መካከለኛ ቆሮሶ ግዛ። የተጠበሰውን አትግዛ፤ ዘይት ስላለው ሞልድ አይወጣበትም፣ ይፈረካከሳልም። ጥሬውን በጨውና በኮምጣጤ እሸው፣ ማሟለጩ ይውጣ። እንደ ጠባሾቹ ጎን ጎኑን በቢላ ተልትለው፣ ጭራውን ትንሽ ቀና አድርገው። ከዚያ የጥርስ ሐኪሞች የጥርስ ቅርጽ የሚወስዱበትን አልጂኔት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠህ አፍስስበት። በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል፤ የቅርፊቱን መስመር አንድ በአንድ ይይዛል። ዓሣውን አውጥተህ ወዲያውኑ ጀሶ አፍስስበት። ሻይ ልጠጣ ካልክ አልጂኔቱ ውሃው እየተነነ ይኮማተርና ዓሣህ ይጣመማል።

ጀሶው ሲደርቅ የጥብሱን ቆዳ ትሠራለህ። ኮላ በስሱ ቀብተህ ሰሞሊና ወይም የደረቀ ዳቦ ዱቄት ነስንስበት። ቀለሙን ከነጣ ቢጫ ጀምረህ ወደ ቡናማ አድርሰው። በጣም የሚጠቁረው ከፍ ከፍ ያለው ቦታ ነው፦ ክንፉ፣ ጭራው፣ የተተለተለው ጠርዝ። የስንጥቁ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይቅር። ዓይኑን ደግሞ አደራ። ጀማሪ ሁሉ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ዓይን ይሠራለታል። ዓሣ ሲጠበስ ዓይኑ ነጭ ይሆናል፤ እንደ እንቁላል ነጭ። ጥቁር ዓይን ያለው የተጠበሰ ዓሣ ከሳህኑ ላይ ሆኖ የሚያይህ ነው የሚመስለው።

እኔ የመጀመሪያውን ዓሣዬን ሐይቁ ዳር ባለ አንድ በረንዳ ላይ ነበር ፀሐይ ያስመታሁት። ለምሳ ገባ ብዬ ስመለስ አንዱ አሞራ አንስቶት ሲሄድ ደረስኩ። አሥር ሜትር ያህል ወስዶ ጣለውና በጣም ቅር ያለው መሰለኝ። ጭራው ተሰበረ። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ከዚያ የበለጠ አድናቆት ከማንም ዳይሬክተር አላገኘሁም።

እንፋሎት ካላየሁ ትኩስ አይመስለኝም የሚል ዳይሬክተር አይጠፋም። ጥጥ ውሃ ነክረህ በደንብ አግለውና ከሳህኑ ጀርባ ደብቀው። እንፋሎት የሚታየው ከኋላ ብርሃን ሲመታውና በስተጀርባው ጨለማ ሲሆን ብቻ ነው። የዕጣን ጭስ አትጠቀም። ጭስ ሰማያዊ ይላል፣ ክር ሆኖም ይወጣል፤ ቡና እየተፈላ መሆኑን እንጂ ወጥ መቅረቡን አይናገርም።

ከሥራው ሁሉ አደገኛው ክፍል ምሳ ሰዓት ነው። የተራበ የካሜራ ረዳት ገበታ አይቶ አያልፍም። ኤፖክሲውም፣ የዘይት ቀለሙም፣ ቫርኒሹም መርዝ ነው። የውሸቱን ሁሉ ከሥሩ ቀይ ምልክት አድርግበት። የተሠራበትን ድስትና ማንኪያ ወደ ማንም ኩሽና አትመልስ። የሚበላውን የሚያቀርብ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሌላ ማንም አይንካው። ልጅ ተዋናይ ካለ ደግሞ ቀድመህ እጁን ይዘህ የትኛው የውሸት እንደሆነ አሳየው።

ሦስት ሳምንት ካለህ ከዓሣው ጀምር። ጀሶ ላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ውሃ ይዞ ይቆያል፤ እርጥብ ጀሶ ላይ ቀለም ከቀባህ ይላጣል። በተለይ ዝናብ ካለ አንድ ሙሉ ሳምንት ተውለት። እሱ እስኪደርቅ የእንጀራውን ሞልድ አውጣ፣ ወጡንም ደርብ። የቅንጬውን ክትፎ ቀረጻው ዋዜማ ማታ ሥራው። መስኮቱ ውስጥ የሚገባውን እንጀራ ግን እዚያው ሠፈር ካለች ጋጋሪ ለጠዋት እዘዝ፤ የሞልድህን እንጀራ ከገዛህባት ከራሷ ከሆነ ደግሞ ዓይኑም ቀለሙም ይገጥምልሃል።